በእንግሊዝኛ በኩል የሚደርሱን የስፓኒሽ የወንዝ ቃላት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ስፔንና ስለ ላቲን አሜሪካ ጎርፍና ግድብ በአማርኛ የሚወጣው ዜና አብዛኛው የተወሰደው ከእንግሊዝኛ ነው። የወንዝ ቃላቱ የሚበላሹት ግን ከዚያ በፊት፣ ስፓኒሹ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ነው። የውጭ ዜና አዘጋጆች ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡትን ጥቂቶቹን ላንሳ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በቫሌንሲያ ግዛት ከ220 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ጎርፍ እናስታውሳለን። የፓይፖርታን ከተማ ያጥለቀለቀው ውሃ የመጣው ራምብላ ዴል ፖዮ፣ በሌላ ስሙ ባራንኮ ዴል ፖዮ፣ በሚባለው መውረጃ ነው። የእንግሊዝኛ ዘገባዎች «ራቪን» አሉት። አንባቢ ይህን ሲሰማ ከሰው መኖሪያ የራቀ ጥልቅ ገደል ይታየዋል። ራምብላ ግን ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ ሆኖ የሚከርም፣ ወለሉ አሸዋና ጠጠር የሆነ፣ ብዙ ጊዜ በከተማ መሀል የሚያልፍ የጎርፍ መሄጃ ነው፤ ቃሉም አሸዋ ከሚለው ዓረብኛ የመጣ ነው። የድሬዳዋን ደቻቱ የሚያውቅ፣ የ1998ቱን ሌሊትም የሚያስታውስ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእንግሊዝኛ «ብዙውን ጊዜ ደረቅ የሆነ የጎርፍ መሄጃ» ብሎ መዘርዘር ይሻላል። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ያለው እንግሊዝኛ «አሮዮ» የሚለው ለራምብላ ይቀርባል፤ ስፔን ውስጥ ግን አሮዮ ተራ ጅረት ነው፣ ዓመቱን ሙሉም ሊፈስ ይችላል። ቃሉን እንዳለ ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ ያሻገረ ተርጓሚ ውሃ ያለውን ጅረት አደረቀው ማለት ነው።

የመሐንዲሶች ሰነድ ላይ ደግሞ «አቬኒዳ» ይመጣል። መዝገበ ቃላት የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍቺ ሰፊ ጎዳና ነው፤ በኃይድሮሎጂ ግን የጎርፍ ሙላት ነው፣ መነሻውም «መምጣት» ከሚለው ግስ ነው። የእኛ «ደራሽ» በትክክል ይገጥመዋል። «የ500 ዓመት አቬኒዳ» ሲባል በየትኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከ500 አንድ የሆነ ሙላት ነው፤ አንዴ ከመጣ 500 ዓመት ይቆያል ማለት አይደለም። «ኢኑንዳሲዮን» የሚለው ደግሞ መሬቱ በውሃ መሸፈኑን ይናገራል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ካለፋቸው፣ ወንዙ ሞልቶ ሳይወጣ የቀረበት ቀን ከተማ እንደሰጠመበት ቀን ሆኖ ይነበባል።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሰነዱ የየት አገር እንደሆነ ነው። «ኤስቴሮ» ቺሊ ውስጥ ትንሽ ወንዝ ነው፤ አርጀንቲና ኢቤራ ላይ ረግረግ ነው፤ ኢኳዶር ጓያኪል ላይ የባሕር ማዕበል የሚገባበትና የሚወጣበት ጨዋማ የውሃ ክንድ ነው። «ኬብራዳ» በኮሎምቢያና በፖርቶ ሪኮ ጅረት ሲሆን፣ በሰሜን አርጀንቲና ኡማዋካ ላይ ግን 155 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ የተራራ ሸለቆ ነው። «ፕሬሳ» በስፔን የግድቡ ግንብ ነው፤ በሜክሲኮ የተጠራቀመውም ውሃ ፕሬሳ ይባላል። «ፓንታኖ» በመዝገበ ቃላት ረግረግ ነው፤ ስፔናዊ ገበሬ ፓንታኖው ጎደለ ካለ ግን የሚያወራው ስለ ግድብ ሐይቅ ነው።

ሕግ ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል። የስፔን የውሃ ሕግ «ካውሴ» የሚለው በመደበኛ ከፍተኛ ሙላት ጊዜ ውሃው የሚሸፍነውን መሬት ነው። «ሪቤራ» በዚያው ውስጥ ከዝቅተኛው የውሃ ልክ በላይ ያለው ጠርዝ ነው። «ማርሄን» ግን ከካውሴው ውጭ የሚዋሰነው መሬት ነው። 5 ሜትሩ የመተላለፊያ ቀጠና እና ግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅበት 100 ሜትር ቀጠና ያሉት ማርሄን ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ሪቤራም ማርሄንም «ባንክ» (የወንዝ ዳር) ከተባሉ አንባቢ 100 ሜትሩን ከበጋው ውሃ ጠርዝ ይለካል፤ ይህን ያደረገ ሰው ቤቱን የት እንደሚሠራ አስቡት።

ቁጥርም እንዲሁ ይስታል። የስፔን ግድቦች ይዞታ የሚነገረው በኤክቶሜትሮ ኩቢኮ ነው፤ አንዱ 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው እንጂ 100 አይደለም። የአገሪቱ ትልቁ የግድብ ሐይቅ ላ ሴሬና 3,219 ይይዛል፤ ይህም 3.2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። መለኪያው ሜትር ኩብ በሰከንድ ከሆነ የተጻፈው «ካውዳል» ነው፤ የፍሰት መጠን ይባላል እንጂ የውሃ ከፍታ አይባልም። «ኩዌንካ» ተፋሰስ ነው። አሜሪካኖች «ዋተርሼድ» ይሉታል፤ እንግሊዞች ግን በዚያው ቃል ዝናቡ ወዲያና ወዲህ የሚከፈልበትን ሸንተረር ስለሚጠሩ ጸሐፊው የየት አገር ሰው እንደሆነ ይታይ።

ስሞችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ታሆ፣ ቴዡ እና ታጉስ በስፓኒሽ፣ በፖርቱጋልኛና በእንግሊዝኛ የተጠራ አንድ ወንዝ ነው፤ በአንድ ዜና ውስጥ ሁለት ወንዝ እንዳይሆን።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥም የስፓኒሹን ምንጭ አይታችሁ፣ ቃሉን በፊደላችን ጽፋችሁ፣ አጠገቡ በግማሽ መስመር ምን እንደሆነና የየት አገር አጠራር እንደሆነ አስፍሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ