ይድረስ ለእማዬ

ለምወድሽ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ?

«ወይ ትዳሯን ትያዝ ወይ ሥራዋን» ያልሽው ከልቤ አልወጣ አለ። ታናሿ እህቴ ነርስነቱን ገና መጨረሷ ነው። ሠርጉ ሥራዋን አይነካባትም፤ የሚጎዳት ወሊድ ሳይዘጋጁበት ሲመጣ ነው።

በጎንደር ገጠር በቤተ እስራኤል ወግ ለብቻችሁ በአራስ ጎጆ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ስትቀመጡ ውኃ የሚቀዳ፣ ምግቡን ደጅ የሚያደርስ ዘመድ ነበራችሁ። እዚህ እስራኤል የሚያሳርሳት ትሉሿ፣ የደመወዝ ወረቀቷ ነው። ሥራ ካቆመችበት ቀን በፊት ከነበሩት 14 ወራት 10ሩን ወይም ከ22ቱ 15ቱን የቢቱዋህ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን) መዋጮ ከተከፈለላት፣ የ15 ሳምንት ክፍያ ታገኛለች፤ 105 ቀን ነው። ከ14ቱ 6 ወር ብቻ ከሆነ ግን 8 ሳምንት። ልጆቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፦ ተማሪ ሳሉ ያለ ትሉሽ በእጅ እየተከፈላቸው አረጋውያን ይንከባከባሉ፣ ቤት ያጸዳሉ፤ በኋላ ያን ጊዜ ለማስቆጠር ማስረጃ ያጣሉ። የቀኑ ሂሳብ የሚወጣው ሥራ ከማቆሟ በፊት ካሉት 3 ወይም 6 ወራት ደመወዝ ነው፤ የሚበልጠው ይያዝላታል። ስለዚህ ትሉሾቿን ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፋይል ውስጥ ታኑር።

ባንድ መሥሪያ ቤት ዓመት ከሞላት ፈቃዱ 26 ሳምንት ይደርሳል፤ ከ15ቱ በላይ ያለው ያለ ክፍያ ነው። ዓመት ሳይሞላት ቦታ ብትቀይር ይህ ይቀርባታል። ከእርግዝናዋ 5ኛ ወር ጀምሮ ደግሞ ሌሊት እንደማትሠራ በጽሑፍ ካሳወቀች አሠሪው ሊያስገድዳት አይችልም። ባሏም ከወለደች ከ6ኛው ሳምንት በኋላ እሷ ከተስማማች ከፈቃዱ ተካፍሎ ሕፃኑን ሊይዝ ይችላል።

ከባዱ ከ105ኛው ቀን በኋላ ያለው ነው፣ እማዬ። ማዖን፣ የሕፃናት ማቆያው፣ ትኩሳት ያለውን ሕፃን አይቀበልም። ልጅ ሲታመም ወላጅ ከራሱ የሕመም ፈቃድ በዓመት 8 ቀን መውሰድ ይችላል፤ በመጀመሪያው ክረምት ግን ያልቃል። ያኔ ነው አንቺ የምታስፈልጊያት።

ሌላም አለ። ከሌሊት ፈረቃ ጠዋት በ1 ሰዓት የወጣች ነርስ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ካልተኛች መድኃኒት ስትለካ ልትሳሳት ትችላለች። በ4 ሰዓት ቡናው ተቆልቶ ጀበናው ተጥዶ «ሙሽሪት፣ እንግዳ መጥቷል» ተብሎ በሯ ከተንኳኳ እንቅልፏ አበቃ። አማቾቿ ይህን ከሠርጉ በኋላ ከሚሰሙት ሽማግሌ ሲቀመጥ ይሻላል፤ ካንቺ አፍ ሲወጣ ደግሞ ይከበራል። ትነግሪልኛለሽ? አርብ ከሰንበት መግቢያ በፊት እደውልልሻለሁ።

ልጅሽ