እማዬ፣ ያስፈራሽ ያ ረጅም ቃል

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ላስረዳሽ ስል መስመሩ ይቆራረጣል። አንቺም "እሺ ልጄ፣ ገባኝ" ብለሽ ታልፊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ደሴ ስመጣ ያሳየሽኝ የምርመራ ወረቀት ላይ "ሃይፐርሊፒዲሚያ" ይላል። ሐኪሙ መድኃኒቱን አዘዘ እንጂ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አልነገረሽም። "ሃይፐር" ሲል ግፊት መሰለሽ። አጎቴን የወሰደው ግፊት ነውና ደነገጥሽ። ሁለት ወር ሙሉ ጨው የሌለው ሽሮ በላሽ። ብቻሽን እንዲያ ስትፈሪ መክረምሽን ሳስበው አንጀቴ ይላወሳል።

እማዬ፣ ግፊት አይደለም። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው። ሃይፐር ከልክ በላይ፣ ሊፖስ ስብ፣ ሃይማ ደግሞ ደም ነው። በደምሽ ያለው ስብ ከልኩ አልፏል ማለት ነው። ጎረቤቶችሽ "ኮሌስትሮል አለብኝ" የሚሉት ይህንኑ ነው። ጨው መቀነስሽ ጥሩ ነው፤ ስቡን ግን አይነካውም።

"እኔ ቀጭኗ፣ የዓመቱን ግማሽ እየጾምኩ ስብ ከየት መጣብኝ?" ብለሽኝ ነበር። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ሰውነት፣ በተለይም ጉበት ነው። ሰውነት ይፈልገዋል፤ ሐሞት እንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው። ችግር የሚሆነው ሲበዛ ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ከዘር ሲወረስ፣ የስኳር በሽታ ሲኖር ቀጭኑንም አይምርም። አንቺ ያጠፋሽው ነገር ኖሮ አይደለም።

ዘይቱን ግን እንቀይረው። በጾም ቅቤ አትነኪም፤ ወጡን የምትሠሪው ግን በዚያ ቢጫ ጀሪካን ባለው የረጋ ዘይት ነው። እሱ የፓልም ዘይት ነው። ከተክል ቢገኝም ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ስብ ነው። በደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የምትቆፍሪው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ስብ ሲበዛ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ማንሳት ይሳነዋል። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይሻልሻል። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ዘይቱን እኔ እልካለሁ።

መጥፎው፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ ያንቺ 178 ነው። ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 160 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። ትራይግሊሰራይድ የሚለው፣ ሌላው የደም ስብ ዓይነት፣ ደግሞ 190 ነው፤ ከ150 በታች መሆን ነበረበት። እሱን ስኳር ያንረዋል። ቡናሽ ላይ የምትጨምሪውን ሦስት ማንኪያ እባክሽ ቀንሺልኝ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን መድኃኒቱን ማቆምሽ ነው። "ምንም አላመመኝም" አልሽኝ። እማዬ፣ ይህ ነገር አያምም። ስቡ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይጋገራል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ልቡ ወይም አንጎሉ ደም ሲያጣ ነው። አቶርቫስታቲን የሚሉት ክኒንሽ ጉበት ኮሌስትሮል መሥራቱን እንዲቀንስ ያደርጋል። ስታቆሚው ጉበቱ ወደ ልማዱ ይመለሳል። የዚህ መድኃኒት ዘር መጀመሪያ የተገኘው ከሻጋታ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? አኪራ ኤንዶ የሚባሉ ጃፓናዊ በሺዎች የሚቆጠር ፈንገስ ሲመረምሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1973 አገኙት። እኛ ቤት እንጀራው ሲሻግት ይጣላል።

ጸበልሽን አትተዪ። ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ። ምክንያቱ ያልታወቀ የጡንቻ ሕመም ከተሰማሽ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ለሐኪም ንገሪ፤ ለእኔም ደውዪልኝ።

ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ። በማግስቱ ደምሽን እናስመረምራለን። ማታ በጊዜ እራትሽን ትበያለሽ፤ ከዚያ ከውኃ በቀር ምንም ሳትቀምሺ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ሐኪሙ የማይገባሽን ቃል ከተናገረ አጠገብሽ ሆኜ እኔ እጠይቀዋለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ