«ምን ፊት ይዤ?» ላልሽኝ ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ሰላም ብሎሻል።

በስልክ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። «እማዬ፣ ምን ፊት ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ?» አልሽኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም። እሱን ለንስሐ አባትሽ ትነግሪያለሽ። ለእኔም ልትነግሪኝ ከፈለግሽ እሰማሻለሁ፤ አልቆጣሽም። ጥያቄሽን ግን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። የዚህ ዓይነት ነገር በስልክ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ስለ ይቅርታ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠቅሰው የጠፋውን ልጅ ነው፤ ካልሆነም ዳዊትን ወይም ጴጥሮስን። እነሱን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂያቸዋለሽ። እኔ ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ ንጉሥ ምናሴ ነው። ሰሞኑን ሳነብ የቆየሁት የእሱን ታሪክ ነው።

ምናሴ የደጉ ንጉሥ የሕዝቅያስ ልጅ ነው። ሕዝቅያስ ታሞ ሊሞት ሲል አልቅሶ ጸለየ። እግዚአብሔርም በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ምናሴ ሲነግሥ ደግሞ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። እስኪ አስይው፤ ልጁ የተወለደው በዚያ በእንባ በተገኘ ዕድሜ ውስጥ ነው ማለት ነው። ያደገውም በሚጸልይ አባት ቤት ነው። እናት ነኝና እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። የደግ ሰው ልጅ መሆን ብቻውን አይጠብቅም።

ምናሴ 55 ዓመት ነገሠ። ከይሁዳ ነገሥታት ያን ያህል የገዛ የለም። አባቱ ያፈረሳቸውን የኮረብታ መስገጃዎች መልሶ ሠራ። ለበኣል መሠዊያ አቆመ። በእግዚአብሔር ቤት በሁለቱም አደባባዮች ለሰማይ ሠራዊት መሠዊያ ሠራ። ጠንቋይና መናፍስት ጠሪ ሰበሰበ። በሄኖም ልጅ ሸለቆ የገዛ ልጆቹን በእሳት አሳለፈ። መጽሐፈ ነገሥት እንደሚለው ንጹሕ ደም ከማፍሰሱ የተነሣ ኢየሩሳሌም ከዳር እስከ ዳር ሞላች። ነቢዩ ኢሳይያስን በመጋዝ ያሰነጠቀው እሱ እንደሆነም በትውፊት ይነገራል። ይህን የሚተርከው ዕርገተ ኢሳይያስ የሚባለው መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በእኛው በግዕዝ ነው።

«ምን ፊት ይዤ» ማለት ያለበት ሰው ካለ እንግዲህ ይሄ ነው።

ከዚያ የአሦር ንጉሥ የጦር አለቆች መጡ። በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን ወሰዱት። እዚያ ሲጨንቀው አምላኩን ፈለገ። ራሱን እጅግ አዋረደ፣ ጸለየም። እግዚአብሔር ሰማው፤ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መንግሥቱ መለሰው። 2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 33 ላይ ታገኚዋለሽ። ያን ሁሉ ዓመት የተሠራ ክፋት ተዘርዝሮ ምሕረቱ የተነገረው ግን በጥቂት መስመር ነው። እግዚአብሔር ሲምር ብዙ አያወራም።

ጸሎቱ ራሱ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ጸሎተ ምናሴ ይባላል። አጭር ነው፤ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሺዋለሽ። ኃጢአቴ ከባሕር አሸዋ ይበዛል ይላል። ቀና ብዬ ሰማይን ለማየት የተገባሁ አይደለሁም ይላል። ልክ አንቺ ያልሽውን ነው የሚለው! ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ንስሐን የሠራኸው እንደ አብርሃም፣ እንደ ይስሐቅና እንደ ያዕቆብ ላሉ ጻድቃን ሳይሆን ለእኔ ለኃጢአተኛው ነው ብሎ ቀጠለ። የልቤንም ጉልበት አንበረክካለሁ አለ። ሰው ንስሐ የሚገባው የሚያሳየው ፊት ስላለው ይመስልሻል? ምናሴ ምንም አልነበረውም። ምንም ሳይኖረው ጸለየ።

አንድ የሚከብድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱንም ልደብቅሽ አልፈልግም። መጽሐፈ ነገሥት የምናሴን ንስሐ ጨርሶ አያነሣውም። የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ያን ሁሉ ጣዖት አፈራርሶ እንኳን፣ ምናሴ ካደረገው የተነሣ የእግዚአብሔር ቁጣ ከይሁዳ እንዳልተመለሰ ይናገራል። በተለይ ያ የፈሰሰው ንጹሕ ደም አልተረሳም። መጀመሪያ ሳነበው ደነገጥኩ። ታዲያ ምሕረት አግኝቷል ወይስ አላገኘም? ደጋግሜ ሳነበው ግን አጽናናኝ። እነዚያ የተገደሉት ሰዎችም እኮ የእግዚአብሔር ልጆች ናቸው። በእሳት ያለፉት ሕፃናት አልተመለሱም። ምናሴ ምሕረት ስላገኘ ብቻ እነሱ ከተረሱ፣ ያ ምሕረት ሳይሆን አድልዎ ነው። እግዚአብሔር በዳዩንም ማረ፣ የተበደለውንም አልረሳም። በዚህ ነው የማምነው።

ልጁን አሞንንም እይው። በ22 ዓመቱ ነገሠ። አባቱ ላሠራቸው ምስሎች ሠዋ። አባቱ ራሱን እንዳዋረደ ግን ራሱን አላዋረደም ይላል መጽሐፉ። በነገሠ በ2 ዓመቱ የገዛ አገልጋዮቹ በቤቱ ውስጥ ገደሉት። ምናሴ ከባቢሎን ሲመለስ ጣዖታቱን ከከተማ አውጥቶ ጥሏቸው ነበር። የእግዚአብሔርን መሠዊያ አድሶ የምስጋና መሥዋዕት አቅርቦ ነበር። ልጁ ግን ከአባቱ የወረሰው የመጀመሪያውን እንጂ የመጨረሻውን አልነበረም። ይህን ሳነብ ያማል፤ የወለደ ሰው ያውቀዋል።

ለዚህ ነው ቶሎ ተመለሺ የምልሽ። ምሕረቱ ያልቃል ብዬ አይደለም። ስንቆይ ጥፋታችን ከእኛ አልፎ ወደ ሌላ ሰው ስለሚሄድ ነው። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ የመመለሻ መንገድሽ አጭር ነው። የበደልሽው ሰው ካለ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው። የወሰድሽበት ነገር ካለ መልሺለት። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ሲገባ አራት እጥፍ እከፍላለሁ ነው ያለው። የበደልሽው ሰው እሺ ባይልሽም አንቺ የድርሻሽን አድርጊ።

ደግሞ የማቴዎስ ወንጌልን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቺ። የጌታ የዘር ሐረግ ተጽፏል። ምናሴ እዚያ ውስጥ አለ። አልተዘለለም።

እሑድ ሂጂ። ውስጥ ገብቶ መቆም ቢከብድሽ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሆነሽ አስቀድሺ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል ካህኑም፣ ዲያቆኑም፣ ከጎንሽ ያሉት እናትም የሚሉት ለራሳቸው ነው። ማንም አንቺን ለማየት አልመጣም። ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባትሽን ጠብቂያቸው። እዚያ ካላገኘሻቸው ደውዪላቸውና ቀጠሮ ያዢ፤ ሳምንት እንዳታሳልፊ።

ብትሄጂም ባትሄጂም ማታ ደውዪልኝ። ባትሄጂም ልጄ ነሽ።

እናትሽ