የሴሬብራል ፓልሲ ሕክምና ምርምር በእኛም አገር ይሠራ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ፣ ሴሬብራል ፓልሲ (በሕፃንነት በአንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትን የአምስት ዓመት ልጁን ውጭ አገር ወስዶ በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ በሚችል ሕዋስ) ለማሳከም መኪናውን ስለሸጠና ከዘመድ አዝማድ ስለተበደረ አባት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ልጁ ከሕክምናው በኋላ በስድስት ወሩ አንገቱን ቀና ማድረግ መጀመሩን ጽሑፉ በደስታ ይነግረናል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከአሥር ዓመት በላይ ከእነዚህ ሕፃናትና ከእናቶቻቸው ጋር ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ጽሑፉ ሳያነሳው ያለፈው አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሥቶኛል። ልጁ መርፌውን ባይወጋ ኖሮ በዚያው ስድስት ወር ውስጥ አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር ወይስ አያደርግም ነበር?

ጥያቄው የምቀኛ ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከዚህ በፊት ተጠይቆ ብዙ ነገር አስተምሯል። በውጭው ዓለም በርካታ ወላጆች ልጆቻቸውን ከፍ ያለ ግፊት ባለው ዝግ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ኦክስጅን ወደሚያስተነፍሱ ማዕከላት ይወስዱ ነበር፤ ልጆቹ ሲሻላቸውም በዓይናቸው ያዩ ነበር። በካናዳ የኩቤክ ተመራማሪዎች ግን ከ3 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 111 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን በከፍተኛ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን፣ ሌላው በጥቂቱ ብቻ ከፍ ባለ ግፊት ተራ አየር እየተነፈሰ፣ ሁሉም ለ40 ጊዜ ወደ ክፍሉ ገቡ፤ ማን የትኛውን እንደሚተነፍስ ወላጆችም ሆኑ ለውጡን የሚመዝኑት ባለሙያዎች እንዳያውቁ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ውጤት ሁለቱም ቡድኖች እኩል መሻሻላቸውን አሳየ። ወላጆቹ አልዋሹም፤ ልጆቹ በእርግጥ ተሻሽለዋል። ያሻሻላቸው ግን ንጹሑ ኦክስጅን ነው ማለት አልተቻለም። ጥቂቱም ግፊት ራሱ መድኃኒት ነው የሚሉ ተከራካሪዎች አልጠፉም፤ እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላው ማብራሪያ ነው። ሕፃን አንጎሉ የተጎዳም ቢሆን ያድጋል፤ እናቱ ወይም አባቱ ሥራቸውን ትተው በየቀኑ አብረውት ሲውሉ፣ ሲያጫውቱትና ነገ ይሻለዋል ብለው ሲጠብቁት ደግሞ የበለጠ ይነቃቃል።

ስለ ስቴም ሴል ብዙ አላትትም። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 63 ሕፃናት ሲወለዱ የተቀመጠላቸውን ስቴም ሴል ያለበትን የራሳቸውን የእትብት ደም መልሰው በመስጠት ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ውጤት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የእትብት ደም በወሰዱትና ባልወሰዱት ልጆች መካከል በአማካይ ልዩነት አልታየም፤ ከፍ ያለ መጠን የተሰጣቸው ግን ከሚጠበቀው በላይ ተሻሽለው በመገኘታቸው ጥናቱ እንዲቀጥል ምክንያት ሆኗል። እንግዲህ በሩ አልተዘጋም፤ ነገር ግን ገና በጥናት ላይ ያለን ነገር እንደተረጋገጠ ሕክምና በዶላር የሚሸጥ ክሊኒክ የወላጅን ጭንቀት እየነገደበት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሌሎች ላይ ብቻ ጣት እንዳልቀስር የራሴንም ጥፋት ልናገር። ለዓመታት ወደ እኔ የሚመጡ እናቶችን ጠዋትና ማታ የልጃቸውን የተገተረ እግር እየሳቡ እንዲያዘረጉ ሳዝዝ ኖሬያለሁ፤ የተማርኩትም እንዲሁ ነበር። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን አዝላ፣ ሁለት ታክሲ ለውጣ፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ወጥታ ትመጣ ነበር። እኔም ሃያ ደቂቃ ያህል እግሩን ስቤና አሽቼ፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሺ ብዬ እሸኛታለሁ። አንድ ቀን ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ዶክተር፣ እርስዎ እንዳሉኝ አደርጋለሁ፤ ልጄ ግን አሁን አሁን ወደ አልጋው ስጠጋ ያለቅሳል፤ ልስበው እንደመጣሁ አውቋል» አለችኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ እናቶች ግን ነጭ ጋውን የለበሰን ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠሩት።) አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ አዮና ኖቫክና ባልደረቦቿ በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2020 ያሳተሟቸውን ግምገማዎች ሳነብ ያች እናት ናት ፊቴ ድቅን ያለችው። ልጁ ዝም ብሎ ተኝቶ ባለሙያ ወይም እናት እጅና እግሩን የሚያንቀሳቅሱለት ዓይነት ሕክምና ለብቻው ያን ያህል እንደማይፈይድ፣ የሚጠቅመው ልጁ ራሱ ሊሠራው የሚፈልገውን ነገር በሚኖርበት ቦታ እየደጋገመ ሲለማመድ መሆኑን የተከማቸው ማስረጃ ያሳያል። የዚያን ልጅ ለቅሶ መመለስ አልችልም፤ ዛሬ ግን የማዘው ልምምድ ሌላ ነው።

ማስረጃ ካላቸው ልምምዶች አንዱን ላንሳ። ሴሬብራል ፓልሲው አንዱን ጎን ብቻ የያዘው ልጅ ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት በጓንት በመሸፈን የደከመውን እጅ እንዲጠቀምበት ማድረግ በብዙ አገሮች በዕጣ በተከፋፈሉ ቡድኖች ተሞክሮ ፍሬ የተገኘበት ዘዴ ነው። እኔ ጓንት ስለማላገኝ ካልሲ አጠልቃለሁ፤ ሳህን ላይ ቆሎ አስቀምጬም ልጁ በደከመው እጁ አንድ በአንድ እንዲለቅም እጠብቃለሁ። ታዲያ ቀኝ እጇ የደከመባት የስድስት ዓመት ልጅ እናት የምትፈልገው ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ልጇ ከሰው ጋር አንድ ትሪ ቀርባ በቀኝ እጇ እንጀራ ቆርሳ እንድትበላ እንደሆነ ነገረችኝ፤ በግራዋ ስትበላ ያዩ ዘመዶች ልጅቱን ለብቻዋ ሳህን እየሰጡ ማስቀመጥ ጀምረው ነበር። ምርምሩ ወደ አገራችን መምጣት አለበት የምልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የልጆቹን ለውጥ የምንለካባቸው የታወቁ ቅጾች ልጁ ደረጃ መውጣቱንና ኳስ መምታቱን ይጠይቃሉ፤ ደረጃ የሌለበት የገጠር ቤት ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ግን ከዚያ ይልቅ በርጩማ ላይ ሳይደገፍ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳትና እንጀራ መቁረስ ነው ኑሮውን የሚለውጠው። እነዚህን የሚለካ ቅጽ የሚያዘጋጅልን ሌላ አገር አይኖርም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህም የከበደ ነው። ሲወለዱ የታፈኑ (አየር ያጠራቸው) ሕፃናትን ሰውነት ለ72 ሰዓት ማቀዝቀዝ የአንጎልን ጉዳት እንደሚቀንስ በበለጸጉት አገሮች በበርካታ ሙከራዎች በመረጋገጡ፣ እዚያ የተለመደ ሕክምና ሆኗል። ምጥ በተራዘመባቸው እናቶችና በታፈኑ ጨቅላዎች የምንጨነቅ እኛም ይህንኑ ቶሎ ማስገባት አለብን የሚል ሐሳብ ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ እኔም አንዱ ደጋፊ ነበርኩ። በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ በሚገኙ ሰባት ሆስፒታሎች 408 ጨቅላ ሕፃናት ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሄሊክስ የተባለ ሙከራ ግን ተቃራኒውን ነገረን። ማቀዝቀዙ ሞትንና የአካል ጉዳትን አንድ ላይ ሲታዩ አልቀነሰም፤ ይባስ ብሎ ከቀዘቀዙት ሕፃናት 42 ከመቶው ሲሞቱ፣ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት የሞቱት 31 ከመቶ ነበሩ። አንድ ሕክምና በለንደን ሕይወት አድኖ በዳካ ሊገድል የሚችልበት ምክንያት የእናቶቹ ጤና፣ ጉዳቱ የጀመረበት ጊዜና የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ አቅም የተለያዩ በመሆናቸው ሊሆን ይችላል። ሙከራው ባይደረግ ኖሮ፣ በቅን ልቦና ስንት ሕፃናትን እንጎዳ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

ምርምር ሁሉ ውድ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የምሥራቅ አፍሪካዋ ኡጋንዳ የሠራችውን ይመልከት። ኢጋንጋና ማዩጌ በተባሉ ወረዳዎች ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 31,756 ሕፃናትን በማጣራት ከ1,000 ሕፃናት መካከል 3 የሚጠጉት ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለባቸው አረጋግጠዋል፤ ከእነዚህም ሩብ ያህሉ የተጎዱት ከጨቅላነት ዕድሜ በኋላ በመጣ ሕመም ነበር። ከፍ ባሉት ልጆች ዘንድ ከባድ ጉዳት ያለባቸው በቁጥር ማነሳቸው ደግሞ ተመራማሪዎቹን አስደነገጠ፤ ምክንያቱ መዳናቸው ሳይሆን መሞታቸው እንደሆነ በኋላ የተደረገው ክትትል አሳይቷል። በደቡብ ስዊድንም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ሁሉ ተመዝግቦ ዳሌው በየጊዜው በራጅ እንዲታይ በመደረጉ፣ ቀድሞ ከ10 ልጆች አንድ ገደማ ላይ ይደርስ የነበረው የዳሌ መውለቅ ከመቶ ከአንድ በታች ወርዷል። መዝገብ፣ ራጅና የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያ፤ ሦስቱም እኛ ጋ አሉ፤ የጎደለን እነሱን የሚያያይዝ አሠራር ነው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በችግር ላይ ያሉ ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ሕክምና መንፈግ ግፍ ነው ይሉኛል። ቅሬታው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬም ቢሆን ሁሉም ልጅ ሕክምና አያገኝም፤ ማን ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ትውውቅና የታክሲ ገንዘብ ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ደግሞ ይህን ጉዳይ ከማንም በተሻለ ይረዳል፤ ገንዘቡ ለሁሉም ይደርሳል፣ ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ዕጣ ይለያል። በጤና ጣቢያ ደረጃ እናቶችን በቡድን ሰብስቦ አመጋገብን፣ አቀማመጥንና ልጁ ራሱ የሚሠራቸውን ልምምዶች የሚያስተምር መርሐ ግብር ቢዘጋጅ፣ ግማሾቹ ጣቢያዎች በዚህ ዓመት፣ ግማሾቹ በሚቀጥለው ዓመት ቢጀምሩና ቅደም ተከተሉ በዕጣ ቢወሰን፣ ማንም ሳይነፈግ ማነጻጸሪያ ቡድን ይኖረናል። ወላጆች ያለ ክፍያ፣ ወደው፣ በፈለጉ ጊዜ መውጣት እንደሚችሉ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው እንዲሳተፉ ማድረግ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ሥራ ነው። ይህን ለማስጀመር አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የክልል ጤና ቢሮና ጥቂት ወረዳዎች ይበቃሉ፤ ፊዚዮቴራፒስት የሚያሠለጥኑና በማኅበረሰብ ውስጥ ተሐድሶ ላይ የሠሩ ተቋማት በአገራችን አሉ፤ ከነዚህ አንዱ ቢነሳ መልካም ነው።

በእኔ በኩል ላለፉት ሦስት ዓመታት ያየኋቸውን ሕፃናት ዕድሜ፣ የእንቅስቃሴ ደረጃ፣ የዳሌያቸውን ሁኔታና ወላጆቻቸው በመጀመሪያው ቀን ይሁንልን ያሉኝን ነገር በሁለት ደብተር መዝግቤ ይዣለሁ። ስማቸውን አውጥቼ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይዞ ለሚመጣ ተመራማሪ ለመስጠት ዝግጁ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ አስታውቃለሁ፤ አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍላችሁ ትቼአለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ