ወደ ጄፔግ ስለ መመለሳችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ስካን የምናደርግላችሁን የቆዩ ፎቶዎች ኤቪአይኤፍ (AVIF) በሚባለው አዲስ የምስል ፋይል ዓይነት (ፎርማት) ማስረከብ አቁመን ወደ ነባሩ ጄፔግ (JPEG) በመመለሳችን ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁ ከመልእክቶቻችሁ ተረድተናል። ፋይሎቹ ከበዱ፣ ስልካችንን ሞሉት፣ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ እናንተ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ ብላችሁናል። አስቀድመን ሳናሳውቃችሁ፣ ያውም አንዳንዶቻችሁ የሥራውን ግማሽ ከተረከባችሁ በኋላ ለውጡን በማድረጋችን ይቅርታ እንጠይቃለን። በውሳኔው ግን አልተጸጸትንም።

አዲሱ ፎርማት መጥፎ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኤቪአይኤፍ ያንኑ ፎቶ ከጄፔግ በእጅጉ ባነሰ ቦታ ይይዛል፤ የተለመደው ጄፔግ ለእያንዳንዱ የቀለም ዘርፍ (ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊ) የቀለሙን ደረጃዎች የሚለይበት 8 ቢት ብቻ ሲኖረው እሱ እስከ 12 ቢት ስለሚደርስ፣ ሰማዩ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ ሲሻገር እርከን አይሠራም። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ስለሚያምቅ፣ ከልክ በላይ ከታመቀ በፀጉር ዳርና በነጭ ግድግዳ መካከል ትንኝ የሰፈረበት የሚመስል ብናኝ ይታያል። ይህን ለዓመታት በማጉያ ስመለከት የኖርሁ ሰው ነኝ። እንዲህ እንዳይሆንባችሁ ብለን አጥብቀን አናምቀውም፤ ፋይሉ የከበደባችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን ተመለስን? አንዲት ደንበኛችን የሟች እናታቸውን ፎቶ በኤቪአይኤፍ ተረክበው ሊያሳትሙ ወደ ማተሚያ ቤት ይዘውት ሄደው፣ በዚያ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከአንዲት ግራጫ ምልክት በቀር የታየ ነገር አልነበረም። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ሲደውሉልኝ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀውን ጄፔግ የማይከፍት መሣሪያ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ደግሞም በአዲስ ነገር ስቃጠል ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሥራውን በአንዲት ስካነር ስጀምር መጪው ዘመን ጄፔግ 2000 የሚባለው ሌላ ፎርማት ነው ሲባል አምኜ፣ የመጀመሪያ ደንበኞቼን ፎቶዎች በሙሉ በእሱ አስቀመጥሁ። ከታወቁት ብሮውዘሮች (የኢንተርኔት ማሰሻዎች) ሳፋሪ ሲቀበለው ሌሎቹ ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ዛሬም በዲጂታል ሲኒማ ይሠራበታል፣ በእናንተ ስልክ ላይ ግን አታገኙትም። ያን ሁሉ ፋይል ሌሊት ሌሊት እየተቀመጥሁ ወደ ጄፔግ የመለስሁት እኔው ነኝ፤ አብረውኝ የቆዩት የዚያን ጊዜ ደንበኞች ያውቁታል። ኋላም ነባሩን ጄፔግ አንድ ቢት ሳያጎድል በአንድ አምስተኛ ገደማ የሚያሳንሰው ጄፔግ ኤክስኤል የተባለ ፎርማት ሲመጣ ልቤ ተነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የጎግል ብሮውዘር ክሮም ለእሱ የሚሰጠውን ድጋፍ እንደሚያነሣ ሲያስታውቅ ዝም ብዬ እጄን ሰበሰብሁ።

ወጪ ለመቀነስ ነው ላላችሁን፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የማታዩት ዋና ቅጂ አለ፤ እሱን የምናስቀምጠው ምንም መረጃ በማይጥለው ፎርማት፣ በቲፍ (TIFF) ነው። 24 ሜጋፒክስል የሆነ አንድ ፎቶ ሳይታመቅ በ8 ቢት 72 ሜጋባይት፣ በ16 ቢት ደግሞ 144 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ይህንንም በሁለት የተለያዩ ዲስኮች እንይዘዋለን። የዲስክ ዋጋ ሲጨምር በእናንተ ላይ አልጨመርንም። ትርፉን ብናይማ ኖሮ ሁሉንም በትንሹ ፎርማት አስቀምጠን በተገላገልን ነበር።

ኤቪአይኤፉም ይኑረን የምትሉ ጻፉልን፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናዘጋጅላችኋለን። በእጃችሁ ካለው ጄፔግ ግን ራሳችሁ አትቀይሩት፤ ሲታመቅ አንድ ጊዜ መረጃ የተቀነሰበት ምስል ሁለተኛ ይቀነስበታል፤ እኛ ከቲፉ እናወጣዋለን። ወደ ሌላ ቤት ለመሄድ የቆረጣችሁም ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት መጥታችሁ ዋና ቅጂዎቻችሁን ውሰዱ፤ ተሰናድተው ተቀምጠዋል፣ የእናንተ ናቸው። ብትቆዩልን ግን ደስታችን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት