የሩሲያ ገዥዎች ማዕረግ በየዘመኑ ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በታሪክ ዓምዳችሁ ስለ ሩሲያ ዛሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ሀዋሳ ያለን የታሪክ መምህራን በጥሞና አንብበነዋል። ርዕሱን መምረጣችሁ አስደስቶናል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከሦስተኛው ኢቫን እስከ ታላቁ ጴጥሮስ ያሉትን ገዥዎች በሙሉ «ንጉሠ ነገሥት» ይላቸዋል፤ አራተኛው ኢቫንንም «ራሱን ዛር ብሎ ሰየመ» ብሎ ያልፈዋል። ተማሪዎቻችን ጋዜጣችሁን ለክፍል ሥራ ስለሚጠቀሙበት ዝም ማለት አልፈለግንም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «በእኛ» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1547 ድረስ የሞስኮ ገዥ ማዕረግ «ታላቅ መስፍን» ነበር። ሦስተኛው ኢቫን በአንዳንድ የውጭ ደብዳቤዎቹ ዛር ተብሎ ቢጠራም ስሙ በሥርዓተ ንግሥ አልጸናለትም። ያጸናው የልጅ ልጁ አራተኛው ኢቫን ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን 1547 በክሬምሊን ውስጥ፣ በእመቤታችን የዕረፍት ካቴድራል፣ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ሜትሮፖሊታን ማካሪዮስ የሞኖማኽ የሚባለውን የሞስኮ ገዥዎች ዘውድ ጫኑለት። ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር።

ሩሲያውያን ያን ጊዜ ዛር የሚሉት የቁስጥንጥንያውን ቄሳር፣ የብሉይ ኪዳን ነገሥታትንና ካን የሚባሉትን የታታር ገዥዎች ነበር። ቁስጥንጥንያ በ1453 ወድቃለች፤ የታታሮች የበላይነትም ከ1480 ወዲህ አብቅቷል። ስለዚህ የሞስኮው መስፍን ይህን ስም ሲወስድ ከማንም በታች አይደለሁም ማለቱ ነው። በ1552 ካዛንን፣ በ1556 አስትራካንን ከያዘ በኋላም የሁለቱን ካኖች ማዕረግ ከራሱ ጋር ደርቦ «የካዛን ዛር፣ የአስትራካን ዛር» ተባለ።

ዘውዱ ብቻውን ግን አልበቃም። ሞስኮ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ እንዲያጸድቁላት ጠይቃ ደብዳቤው የደረሳት በ1561 ነው፤ በደብዳቤው ላይ ካሉት የጳጳሳት ፊርማዎች አብዛኞቹ የባለቤቶቹ እጅ ጽሑፍ አለመሆናቸውን ኋላ የመረመሩ ሊቃውንት ደርሰውበታል። ፖላንድና ሊትዌኒያ ደግሞ ለረጅም ዘመን «ታላቅ መስፍን» ብለው መጻፋቸውን ቀጠሉ። በ1610 የሞስኮ መኳንንት የፖላንዱን ንጉሥ ልጅ ቭላዲስላቭን ለዙፋኑ መርጠውት ስለነበር፣ በ1613 ሚካኤል ሮማኖቭ ከነገሠ በኋላም እንኳ ቭላዲስላቭ የዛርነት ይገባኛል ጥያቄውን የተወው በ1634ቱ የፖልያኖቭካ ሰላም ነው። ሞስኮ በ1654 ከፖላንድ ጋር ጦርነት ስትገጥም ካቀረበቻቸው ቅሬታዎች አንዱ የዛሩ ማዕረግ በትክክል አለመጻፉ ነበር። በራሷ ጽሕፈት ቤቶችም ማዕረጉን ያጎደለ ጸሐፊ ይቀጣ ነበር። «ራሱን ሰየመ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ትግል ይሸፍናል።

ንጉሠ ነገሥት ወይም ኢምፔራተር የሚባለው ከጴጥሮስ ጀምሮ ነው። ማዕረጉን ሴኔቱ ያቀረበለት ከስዊድን ጋር የኒስታድ ሰላም ከተፈረመ በኋላ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1721 ነው። ፕሩሲያና ኔዘርላንድ ወዲያው ተቀበሉት፤ ስዊድን በ1723፣ ብሪታንያና ኦስትሪያ በ1742፣ ፖላንድ ግን በ1764። ጴጥሮስ በ1725 ስለሞተ ብዙዎቹ ማዕረጉን ሲቀበሉ በሕይወት አልነበረም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህ ልዩነት ሊያመልጠን አይገባም፤ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ንጉሠ ነገሥት ብንላቸው አፄ ዮሐንስን ምን ልንላቸው ነው?

ሁለተኛው ስህተት የቀን ነው። ጽሑፉ የኢቫንን ንግሥ በእኛ «ጥር 8 ቀን 1539» ብሎታል። ስህተቱ የመጣው ጃንዋሪ 16ን ዛሬ አውሮፓ በሚከተለው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሠንጠረዥ ከመለወጥ ነው። ሩሲያ ግን እስከ 1918 የምትከተለው ከእሱ የሚቀድመውን የዩልዮስን አቆጣጠር ነበር። የእኛና የዩልዮስ አቆጣጠር ሁለቱም በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጡ አንድ ቀን ስለሚጨምሩ በመካከላቸው ያለው ርቀት ዘመን ቢረዝምም አይለወጥም፤ የዩልዮስ ኦገስት 29 መስከረም 1 ነው፣ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ብቻ ኦገስት 30 ይሆናል። ዛሬ በዩልዮስና በጎርጎርዮስ መካከል ያለው ልዩነት 13 ቀን ነው፤ በአጭሩ፣ አንድን የድሮ ሩሲያ ቀን በዛሬው ሠንጠረዥ ከለወጣችሁ በኋላ 13 ቀን ጨምሩ። ንግሡ እንግዲህ በእኛ ጥር 21 ቀን 1539 ነው፤ አስተርዮ ማርያም የዋለችበት ዕለት መሆኑ ነው፣ ያውም በእመቤታችን ዕረፍት ስም በተሠራ ካቴድራል። የጴጥሮስ ኦክቶበር 22 ደግሞ በእኛ ጥቅምት 25 ቀን 1714 ይሆናል።

አንዳንድ የውጭ መጻሕፍት ይህንኑ ቀን ኖቬምበር 2 ይሉታል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሁለቱ የአውሮፓ አቆጣጠሮች ልዩነት 11 ቀን ስለነበር ነው። ከእነዚህ ለሚወሰድ የዚያ ክፍለ ዘመን ቀን የሚጨመረው 2 ብቻ (ከ13 ላይ 11 ሲቀነስ) ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎቻችሁ ከመለወጣቸው በፊት ምንጩ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፈ ይዩ። እርማቱን በሚቀጥለው እትም እንድታወጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የታሪክ መምህራን፣ ከሀዋሳ