የወባው ውጤት ታወቀ፤ ደሙስ ስንት ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ሕፃናት ወባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ አጎበሩ፣ ስለ ፈጣን ምርመራው፣ ስለ መድኃኒቱ በደንብ ተጽፏል። አንድ ነገር ግን ጎደለብኝ። ወባ የያዛቸውን ሕፃናት ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የሆነው ከባድ የደም ማነስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። እኔ በሕፃናት ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጇን ታቅፋ መጣች። ትኩሳት ነበረው። ጣቱን ወጋሁት፤ ምርመራው ወባ አለ። መድኃኒቱን ሰጠኋት፣ አወሳሰዱን አስረዳኋት፣ ሸኘኋት። ሥራዬን በአግባቡ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። «ሲስተር፣ ትኩሳቱስ በርዶለት ነበር፤ ጡት መጥባት ግን አቃተው» አለችኝ። ልጁ ቶሎ ቶሎና በረጅሙ ይተነፍሳል። ትንሿ እጁ የእናቱ እጅ ላይ አርፋለች። የእሷ መዳፍ ቀላ ያለ ነው። የእሱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ሄሞግሎቢኑ፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ሲለካ 3.6 ሆነ። ደም ተሰጠው፤ ተረፈ። ያቺን እጅ ግን ከሦስት ቀን በፊትም ይዣት ነበር። ጣቱን ስወጋ መዳፉን ገልብጬ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ ያስተዋልኩት ይህንኑ ነው። «ወባ ነው» የሚለው ውጤት ሲመጣ ሁላችንም እፎይ እንላለን። በሽታው ታወቀ፣ መድኃኒቱ አለ፣ አለቀ። ግን ያ ምርመራ የመለሰው ልጁ ወባ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ብቻ ነው። ወባው ምን ያህል ደም እንደጨረሰበት አልነገረንም።

ከባድ የሚባለው መቼ ነው? በዓለም ጤና ድርጅት አገላለጽ፣ ወባ ያለበት ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር 5 ግራም ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ወይም ሄማቶክሪቱ (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎቹ ድርሻ) 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በትርጉሙ ላይ የተውሳኩ ብዛትም ተጨምሯል፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ10,000 በላይ ይላል። ይህ ለጥናት ጥሩ ነው። አልጋው አጠገብ ግን ያሳስታል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙም የማይነገረው፣ ተውሳክ ያልገባባቸው ሴሎችም አብረው ማለቃቸው ነው። ጣፊያ እነሱንም እየለቀመ ያስወግዳቸዋል። በዚያ ላይ መቅኔው ይዳከምና የጎደለውን ቶሎ መተካት ያቅተዋል። ስለዚህ ልጁ የሚያጣው ደም በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ተውሳክ ጋር ላይመጣጠን ይችላል። ወባው በተደጋጋሚ የተመላለሰበት ልጅ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ «ጥቂት ተውሳክ» ተብሎ ተጽፎለት ሄሞግሎቢኑ 4 ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ያየ ሰው «ቀላል ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ብቻም አይደለም፤ ለዘብተኛ ሲባል የኖረው ሌላው ዓይነት፣ ቫይቫክስም ሕፃናትን ከባድ የደም ማነስ ላይ ይጥላል።

ሌላው የሚያሳስተው የልጁ ሁኔታ ነው። ደሙ ቀስ በቀስ ከወረደ ሰውነቱ ይለምደዋል። ሄሞግሎቢኑ 5 ሆኖ የሚጫወት ልጅ አይቻለሁ። እናቱ «ትንሽ ደከም ብሎታል እንጂ ደህና ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። አንድ ተጨማሪ ትኩሳት ሲመጣ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይገለበጣል።

ታዲያ እንዴት ይታወቅ? መጀመሪያ በዓይን። የመዳፍ፣ የምላስና የታችኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል መገርጣት ይታያል። መዳፍ የሚታይበት መንገድ አለው። የልጁን እጅ ከጎን በኩል ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ። ጣቶቹን ወደ ኋላ አትለጥጡ፤ ሲለጠጡ ደም ስለሚሸሽ ጤነኛው መዳፍም ገርጥቶ ይታያል። ከዚያ ከራሳችሁ መዳፍ ወይም ከሌላ ልጅ መዳፍ ጋር አስተያዩት። የሚቻል ከሆነ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ዓይን ግን ወሰን አለው። በጣም የነጣ መዳፍ በአብዛኛው አያመልጥም። መካከለኛው ነው የሚያመልጠው። አንድን ልጅ ሁለት ባለሙያዎች አይተው አንዱ «ገርጥቷል» ሌላው «አልገረጣም» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቁጥር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው አጥብቄ መናገር የምፈልገው። የወባው ምርመራ ሲደረግ የልጁ ጣት አንዴ ተወግቷል፤ ደሙ ወጥቷል። ከዚያው ቀዳዳ አንድ ጠብታ ጨምሮ መውሰድ ልጁን ሁለተኛ አያስለቅሰውም። እንደ ሄሞኪው ያለው በእጅ የሚያዝ መለኪያ በአንድ ደቂቃ ገደማ ቁጥሩን ያሳያል። ጥንቃቄው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረጋል፤ ጣቱ አይጨመቅም፤ ከተጨመቀ የሰውነት ውሃ ተቀላቅሎ ቁጥሩን ያሳስታል። የደም መያዣዋ ውስጥም አየር መግባት የለበትም። ይህ መለኪያ ከሌለ ደሙን አሽከርክሮ በሚለየው መሣሪያ፣ በሴንትሪፊዩጅ፣ ሄማቶክሪት ይሠራል። እሱም ከሌለ የዓለም ጤና ድርጅት የቀለም መለኪያ አለ፤ ጠብታው ልዩ ወረቀት ላይ ተደርጎ ከ4 እስከ 14 ግራም ከሚያሳዩ ስድስት የቀይ ዓይነቶች ጋር ይነጻጸራል። እንደ መሣሪያው ትክክል አይደለም፤ ከዓይን ግምት ግን ይሻላል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ብቻውን አይነበብም። ከትንፋሹ ጋር ነው የሚነበበው። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ያቃስታል? በረጅሙ ይተነፍሳል? ንቃቱ ቀንሷል? በረጅሙ መተንፈስ ብዙ ጊዜ ሰውነት ኦክስጅን አጥቶ አሲድ መጠራቀሙን ነው የሚያሳየው። እንዲህ ያለ ልጅ ነገ አይባልም። የድርጅቱ የወባ መመሪያ ወባ በሚበዛበት አካባቢ ከ5 ግራም በታች ለሆነ ልጅ ደም ይሰጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ፣ በኡጋንዳና በማላዊ ከ3,000 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየን። ሄሞግሎቢናቸው ከ4 እስከ 6 ሆኖ የከባድ ሕመም ምልክት የሌላቸው ልጆች ወዲያው ደም ቢሰጣቸውም፣ በቅርብ ክትትል ቢጠበቁና ሲያስፈልግ ቢሰጣቸውም፣ በ28 ቀን ውስጥ በሞት መጠን ልዩነት አልታየም። እንግዲህ በትክክል መለካት ደም የሚያስፈልገውን ልጅ ለማግኘት ብቻ አይደለም። ደም እንደ ልብ አይገኝም፤ ለሌላው ልጅ ለማትረፍም ነው። ክትትል የሚባለው ግን እየመላለሱ መለካት ነው እንጂ ቤት ልኮ መጠበቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐኪሞችም አንዳንዴ ይዘነጉታል። በብዛት የምንጠቀምበት ፈጣን ምርመራ ልጁ ታክሞ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት «አለ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ወባ ቢልም ደሙን የጨረሰው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የብረት ማዕድን እጥረት፣ የመንጠቆ ትል፣ ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ፣ ወይም ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ተደራርበው ይገኛሉ። ወባው ታክሞ ደሙ ከፍ አልል ካለ መፈለግ አለበት።

ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣም ነገሩ አላበቃም። በከባድ የደም ማነስ ተኝተው የወጡ ልጆች በተከታዮቹ ስድስት ወራት ተመልሰው የመታመምና የመሞት አደጋቸው ከፍተኛ ነው። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ወባ በሚበዛባቸው አካባቢዎች እንዲህ ያሉ ልጆች ከወጡ በኋላ የወባ መከላከያ መድኃኒት በየጊዜው እንዲወስዱ መክሯል። ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት በመርፌ የተሰጣቸው አንዳንድ ሕመምተኞች ደግሞ ከሳምንት በኋላ ደማቸው እንደገና ይወርዳል። መድኃኒቱ ሕይወት ያተርፋል፤ ማንም እንዳይፈራው። ብቻ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ደሙ ይለካ። ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ልጁ እንደገና ከገረጣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በወባ ከሞቱት ወደ 597,000 ከሚገመቱ ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ በአፍሪካ ቀጠና ነበሩ፤ እዚያ ከሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ደግሞ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። ጋዜጣችሁን የሚያነብ ወላጅ፣ ልጁ ወባ አለበት ሲባል ወረቀቱን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት «ደሙስ ስንት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እባካችሁ ጻፉለት። የተጠየቀው ባለሙያም አይቀየም። እኔን ያን ቀን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ እጄን ወደ ልጁ መዳፍ እሰድ ነበር።

ያቺ እናት በ28ኛው ቀን መጥታ ነበር። መለኪያውን ሳላነሳ ልጁን ወደ መስኮቱ አስጠጋችውና የእጁን መዳፍ ገለበጠችልኝ። «ሲስተር፣ እስኪ እዪልኝ» አለች። አየሁት። ከዚያ ለካሁት።

አንዲት የሕፃናት ክፍል ነርስ